ባንድ ቤት ሁለት ጥሎሽ

ልጆቼ፣ ጥሎሽ ተሸክሞ የሚሄድ ሰውና ጥሎሽ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አንድ አይደሉም። በኛ የባሕር ጠረፍ መንደሮች ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የወንዱ ቤተሰብ ተሸክሞ ከመጣ ሴቷ ትሄዳለች፤ የአባቷን የቤት ስም ደጃፉ ላይ አውልቃ የባሏን ታጠልቃለች። የሴቷ ቤተሰብ ተሸክሞ ከሄደ ደግሞ ወንዱ ይመጣል፤ በሚስቱ የቤት ስም ይጠራል፣ ለአማቱም ልጅ ይሆናል። ወንድ ልጅ ያልወለደ ቤት በሩ ከመዘጋት የሚድነው በዚህ ነው። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ስለዚህ ያን ቀን ማለዳ የሺኖ አባት ማሳኪቺ ከሚስታቸው ቀብር ወዲህ ያልነኩትን ጥቁር የክት ልብስ ለብሰው፣ ናጊ ሰላጤ ዳር ካለችው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ከጎናቸው ነጭ የእንጨት ትሪዎች ተደርድረዋል። የደረቀ ዓሣ፣ የደረቀ የባሕር ቅጠል፣ ማራገቢያ፣ ጸጉራችሁ እስኪሸብት አብራችሁ ኑሩ ተብሎ የሚሰጠው ነጭ ፈትል፣ የሩዝ ጠጅ፤ ሁሉም በቀይና በነጭ ገመድ አምሮ ታስሯል። አማላጁ አቶ ኩራሞቶ በመኪናቸው መጥተው ሊወስዷቸው ነው። ሺራናሚ ወደሚባለው ባሕር ሄደው የጌንታን እናት «ልጅዎን ይስጡን» ሊሉ ነው። ሺኖ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሌላ የላቸውም። ጌንታም እመጣለሁ፣ ስማችሁን እይዛለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል።

መኪና መጣ። አንድ ሳይሆን ሁለት።

ከፊተኛው አቶ ኩራሞቶ ወረዱ፤ ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት ነበር። ከኋለኛው የጌንታ እናት ወይዘሮ ቶኪኤ፣ የቤታቸው ምልክት ትከሻው ላይ የታተመበት ጥቁር ኪሞኖ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ወረዱ። ከእሳቸው ኋላ ጌንታ መጣ። እጁ ላይ ነጭ የእንጨት ትሪ አለ። በቀይና በነጭ ገመድ ታስሯል።

ሺኖ ከአባቷ ጀርባ ቆማ አየችው። ትሪውን ሳይሆን ዓይኑን ነው ያየችው። ዓይኑ መሬት ላይ ነበር፤ እንዲያ መሬት ላይ የተተከለ ዓይን ከዚህ በፊትም አይታለት ታውቃለች። ያኔ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጋለ ብረት ቀላ።

ማሳኪቺ የመጡትን ትሪዎች አዩ። የራሳቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «መንገድ ተሳስታችሁ ነው?» አሉ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሺኖ ንዴት የቅብጠት ይመስላችኋል።

በኛ አገር ኦይስተር፣ ያ በዛጎል ውስጥ የሚኖረው የሚበላ የባሕር እንስሳ፣ የሚወለድበትና የሚሰባበት ውሃ አንድ አይደለም። ናጊ ጥልቀት የለውም፣ እንደ ሳህን ውሃ የረጋ ነው። ሙቀቱ ሲገባ አዲስ የተፈለፈሉት ኦይስተሮች እንደ ትቢያ ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። የናጊ ሰዎች ደግሞ በሽቦ የተሰካ ንጹሕ ዛጎል ያወርዱላቸዋል፤ ትቢያዋ ዛጎል ካገኘች ትጣበቃለች። አንድ ቀን ቀድመህ ካወረድክ ሌላ የባሕር ጥገኛ ይወርረዋል፤ ከዘገየህ ትቢያው አልፎ ይሄዳል። ከዚያ እነዚያን ዛጎሎች ጥልቀት በሌለው ዳር፣ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ይሰቅሏቸዋል። ውሃው በሸሸ ቁጥር ፀሐይና ነፋስ ይገርፋቸዋል። ደካማው ይሞታል። የቀረው አፉን ገጥሞ ውሃውን ይዞ መቆየት ይማራል። ብርዱ ሲገባ «ዘር» ተብሎ የሚሸጠው ያ ነው።

ሺራናሚ ሌላ ነው። ጥልቅ ነው፣ ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ እዚያ የወረደ ዘር እንደ ሙክት ይሰባል። መውለድ ግን አይችልም፤ ሞገዱ ጠራርጎ ይወስደዋል። እና እያንዳንዱ የሺራናሚ ኦይስተር የናጊ ልጅ ነው። ይህን በሥራው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከተማ ውስጥ ግን ናጊ የሚባል ስም የሰማ የለም። ሳጥኑ ላይ ሺራናሚ፣ ምግብ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሺራናሚ፣ የበላተኛው አፍ ላይ ሺራናሚ።

ጌንታ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘር ሊገዛ መጣ። አባቱ ሞተው ቤቱ በእሱና በእናቱ ላይ የወደቀበት ዓመት ነበር። ዘር እንደ ፍርፍር የታጨቀበትን ዛጎል ብቻ እየመረጠ ሲያስቀምጥ ሺኖ አየችውና ሳቀች። ሆዳም እንደሆነ፣ ያንን ያህል ባንድ ዛጎል ላይ ካሳደገ እርስ በርስ እንደሚጨራረሱ ነገረችው። ከዚያ ራሷ መረጠችለት። በማግስቱ ዘር ሳያስፈልገው ተመልሶ መጣ። ገመድ ረስቼ ነው አለ። ገመዱ መኪናው ላይ ይታይ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰበብ ሲያልቅበት ያለ ሰበብ መምጣት ጀመረ። ሺኖም ልቧን ሰጠችው። የምትሰጠው ደግሞ አጉድላ አይደለም።

ያለፈው መከር አንድ ቀን ሳትነግረው ሴንዳይ ከተማ ሄደች። ከትልቅ ሱቅ ምድር ቤት የሺራናሚ ሰዎች ኦይስተር እያቀመሱ ይሸጡ ነበር። ጌንታ ሰማያዊ ካባ ለብሶ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆሟል። ከሰዉ ኋላ ሆና ልታስደነግጠው ስትጠብቅ ሰማችው፤ «ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እናንተ አፍ እስኪገባ ድረስ ከሺራናሚ ውሃ ሌላ አያውቅም» አለ። እዚህ መሃል ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። አያት። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለና ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ።

ያን ቀን በባቡር ስትመለስ አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ጌንታ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። እንደ በቀቀን የሚያስደግሙትን እንደተናገረ፣ እናቱ የጻፉለት እንደሆነ፣ እንዳፈረ ነገራት። «እኔ ናጊ እገባለሁ። ስማችሁን እይዛለሁ። ያኔ አፌም እጄም የናንተ ነው» ያለው ያን ጊዜ ነው። ሺኖ ይቅር አለችው። በዚያች ቃል ነው ይቅር ያለችው፤ በሌላ አይደለም።

እንግዲህ አሁን ትሪውን ተሸክሞ የአባቷ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

እንግዳ ከደጅ አይመለስምና ገቡ። ማሳኪቺና ሺኖ ባንድ ወገን፣ ወይዘሮ ቶኪኤና ጌንታ ፊት ለፊት፣ አቶ ኩራሞቶ መሃል። የሁለቱ ወገን ትሪዎች ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሚነካቸው ጠፋ።

አቶ ኩራሞቶ ላባቸውን እየጠረጉ የሆነውን ተናገሩ። ጌንታ «ለእናቴ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» ብሏቸው ነበርና እሳቸውም ተነግሯል ብለው ተቀምጠዋል። ዛሬ ጠዋት የናጊ ሰዎች ሊመጡ ነው ለማለት ሺራናሚ ሲደርሱ ወይዘሮ ቶኪኤ ጥሎሹን ጭነው መኪና ውስጥ ገብተው ቁጭ ብለዋል። «እና ምን ልበል? ወይዘሮ ቶኪኤን ውረዱ የሚል ሰው እስቲ አሳዩኝ» አሉ።

ማንም አልሳቀም።

ወይዘሮ ቶኪኤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጄ እዚህ ሊገባ ነው የሚለውን ወሬ አሁን ገና መስማታቸው እንደሆነ ተናገሩ፤ የሰከረ ሰው ወሬም ይሆናል አሉ። ሺራናሚ ባለው ቤታቸው የቀረው ወንድ ጌንታ ብቻ እንደሆነ፣ ሥራው የአራት ትውልድ እንደሆነ፣ ሺኖ ጎበዝ ሠራተኛ መሆኗን ሰምተው ደስ ብሏቸው እንደመጡ ዘረዘሩ። ማሳኪቺ ደግሞ የእሳቸውም ቤት ቤት መሆኑን፣ ሲሞቱ ርብራቡን የሚተክል እጅ እንደሚፈልግ መለሱ። አንዱ ሌላውን በጨዋ ቃል ይወጋል።

በመጨረሻ ወይዘሮ ቶኪኤ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ጋሽ ማሳኪቺ፣ እኔና እርስዎ አንሸዋወድ። ዘር ከናጊ ወደ ሺራናሚ ይሄዳል። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ከሺራናሚ ወደ ናጊ የመጣ ነገር ካለ እስቲ ይንገሩኝ።»

«ሄዶስ?» አሉ ማሳኪቺ። «ሄዶ እናት አባት የለኝም ይላል።»

ሺኖ ጌንታን አየችው። አሁን ተናገር ብላ ነው ያየችው። በዓይኗ ለመነችው፣ በዓይኗ ሰደበችው፣ እንደገና ለመነችው። ጌንታ አፉን ከፈተ፤ እናቱን አየ፤ ዘጋው።

ተነሥታ ወጣች። በሩን አላላተመችም። ብታላትመው ይሻላት ነበር።

ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ተጋልጧል። ሺኖ የክት ኪሞኖዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ የአባቷን የጎማ ቦት አጥልቃ እስከ ርብራቡ ሄደች። ሥራ የለም፤ ግን እጇ አንድ ነገር ካልያዘ ሰው ትመታለች። የላላ ሽቦ አግኝታ ታጠብቅ ጀመር። ነፋሱ ፊቷን ይገርፋታል። እሷ ግን አልበረዳትም፤ ውስጧ ይነዳል።

ኋላዋ የሰው እግር ጭቃ ሲረግጥ ሰማች። ጌንታ የክት ልብሱን እንደለበሰ፣ ባንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰምጦ ቆሟል። እግሩን ሊነቅል ሲታገል የባሰ ገባ። እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም።

«ሺኖ፣ ስሚኝ።»

«አንተን ስሰማ ነው የኖርኩት። እስቲ ዛሬ ለሌላ ሰው ተናገር፤ እኔ ይበቃኛል።»

ሊያስረዳ ሞከረ። እናቱ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ማታ ማታ ለብቻቸው ከራዲዮ ጋር እንደሚያወሩ ነገራት። ልነግራቸው ብሎ በቀረበ ቁጥር እጃቸውን እንደሚያይ፣ በኦይስተር ዛጎል የተቆራረጠ እጃቸውን፣ ከዚያ ሳይናገር እንደሚመለስ ነገራት። «ሺኖን አገባለሁ ስላት አለቀሰች፤ አምጣት አለችኝ። እሺ አልኩ። ፊቷን እያየሁ እንዴት አድርጌ...»

«የኔን ፊት እያየህ አልነበር?» ሽቦውን ለቀቀችው። «ሱቁ ውስጥ። ድምፅ ማጉያ ይዘህ። የኔን ፊት እያየህ አይደል የዋሸኸው? የእናትህ ፊት የሚያሳዝንህ የኔ የእንጨት ሆኖ ነው?»

«አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ? ንገረኛ።»

«አንቺ ይቅር ትይኛለሽ።» ድምፁ ተሰበረ። «እሷ አትልም። አንቺ ትዪኛለሽ። ሁልጊዜ ትዪኛለሽ። እንደዚያ ስለማውቅ ነው።»

ልጆቼ፣ ሰው አንዳንዴ እውነቱን ሲናገር ከውሸቱ የባሰ ይቆርጣል። ሺኖ አየችው። ይህን ሰው ትወደዋለች። ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ሽቶው ከጭቃ ሽታ ጋር ተደባልቆ እንኳ ትወደዋለች፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

«ውደደኝ ብዬህ አላውቅም» አለችው። «ያንን ሳልልህ ታደርገዋለህ። ተናገር ነው ያልኩህ። አንዲት ነገር። እኔን ዘሩን በምትወስዱበት እጅ ልትወስዱኝ ነው የመጣችሁት፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይህች ልጅ ከየት ናት ሲባል ከተወለደች ጀምሮ ሺራናሚ ናት ትላለህ፤ ዓይንህን መሬት ላይ ጥለህ ትላለህ። እኔ ደግሞ አጠገብህ ቆሜ ፈገግ እላለሁ። በል እንጂ፣ ውሸት ነው በለኝ።»

አላለም። ሺኖ ጥላው ወደ ቤት ተመለሰች። ከኋላዋ እግሩን ከጭቃው ሲነቅል የሚሰማው ድምፅ ተከተላት፤ አልዞረችም። ዓይኗን ያቃጠላት ነፋሱ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ቤት ስትገባ አባቷና ወይዘሮ ቶኪኤ ጨዋነቱን ጨርሰውት ነበር። ማሳኪቺ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ለሺራናሚ አንድ ዛጎል ዘር አልሸጥም ይላሉ። ወይዘሮ ቶኪኤ ዘር ሌላም ቦታ ይገኛል ይላሉ። ሁለቱም እንደማይሆን ያውቃሉ። አቶ ኩራሞቶ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን የሩዝ ጣፋጭ እያዩ፣ ለመብላት የማይመች ጊዜ በመሆኑ አዝነው ተቀምጠዋል።

ጌንታ ደጁ ላይ ደረሰ። ጭቃ እግሩን ይዞ ምንጣፍ መርገጥ አይችልምና እዚያው፣ ደፉ ላይ፣ ተንበረከከ።

«እማዬ» አለ። «እዚህ ልገባ ቃል ሰጥቻለሁ። ካለፈው መከር ጀምሮ። ሺኖም ጋሽ ማሳኪቺም አልዋሹሽም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዘራችን የናጊ ነው። ሁሉም። አንድ እንኳ እኛ ጋ የተወለደ የለም።»



ወይዘሮ ቶኪኤ አልዞሩም። ጀርባቸውን እንደሰጡት፣ «ቤቱስ?» አሉ። «የአባትህ ስምስ? እኔስ ማን ጋ ልቀር ነው?» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሺኖ አዙረው ንዴታቸውን ሁሉ እሷ ላይ ጣሉት። «እኔ ምን አዲስ ነገር አመጣሁብሽ? ሴት ልጅ ትሄዳለች። አገሩ ነው። እኔም ሄጃለሁ። የሞተ ሰው የለም።»

ሺኖም ተቆጥታ ነበርና ቃሉ ሳታስበው ወጣ።

«ከየት?»

«ምን?»

«ከየት ነው የሄዱት? እርስዎ። አገርዎ የት ነው?»

ወይዘሮ ቶኪኤ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

«ከላይ ነው» አለ ጌንታ ከደፉ ላይ፣ ሊረዳቸው ብሎ። «ከተራራው በኩል ነው መሰለኝ፤ አይደል እማዬ?»

ወይዘሮ ቶኪኤ ቀስ ብለው ልጃቸውን ዞረው አዩት። እንደማያውቁት ሰው አዩት።

«መሰለኝ» አሉ። «መሰለኝ ትላለህ።»

ማሳኪቺ አንገታቸውን ደፉ። 

«ኦቶሳዋ ነው» አሉ ወይዘሮ ቶኪኤ። ቃሉ አፋቸው ላይ ዝጎ የቆየ ነገር ይመስል ከበዳቸው። «ኦቶሳዋ። ከወንዙ ራስ። አባቴ ከሰል ያከስል ነበር። እሾሃማ ፍሬ የሚያራግፍ ዛፍ ሞልቶናል፤ በመከር መሬቱ ላይ እሾሁን ሳትረግጪ መሄድ አይቻልም። ሺራናሚ የገባሁ ቀን አማቴ አንቺ የተራራ ሽታ አለሽ፣ ታጠቢ አሉኝ። ታጠብኩ። እናቴ የሞተች ጊዜ የዓመት መጨረሻ ትዕዛዝ ነበረብን። ቅርጫቱን ጨርሺና ትሄጃለሽ አሉኝ። ጨረስኩ። ስጨርስ ተቀብራለች። ከዚያ ወዲያ ለማን ብዬ ልሂድ?» ድምፃቸው አሁንም አላለቀሰም፤ ተቆጣ እንጂ። «የጌንታ አባት ጥሩ ሰው ነበር። አንድ ቀን እጁን አላነሣብኝም። አንድ ቀን ግን አገርሽ እንዴት ነው አላለኝም። ኦይስተሩን የሚያሰባው እኮ ከኛ ጫካ የሚወርደው ውሃ ነው፤ የኛ ቅጠል ነው። ሳጥኑ ላይ አለ? አንድ ሰው ብሎ ያውቃል?»

ሺኖ ንዴቷ የሚያርፍበት አጣ። እኚህን ሴት ልትጠላቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ ስታሞቀው ነበር። አሁን ከፊቷ የተቀመጡት ሌላ ሴት ናቸው። ቢሆንም አልበረደላትም። እንዲያውም ባሰባት።

«ይህን ሁሉ እያወቁ» አለች፣ «ለኔም ያንኑ ሊያደርጉ መጡ?»

ወይዘሮ ቶኪኤ እጃቸውን ተመለከቱ።

«ሌላ አላውቅማ» አሉ።

ያን ጊዜ ሁለቱም ሴቶች አለቀሱ። እየተቃቀፉ አይደለም፤ እንደዚያ አይምሰላችሁ። እያንዳንዷ በየቦታዋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እየተቆጣች አለቀሰች። ማሳኪቺ ተነሥተው ሻይ ቀዱ። ለወይዘሮ ቶኪኤ ቀድመው ሰጡ። የእኔ ሚስት የመጣችው ከደሴት ነበር፣ እኔም ብዙ አልጠየቅኳትም አሉ።

ወይዘሮ ቶኪኤ ሻዩን ጠጥተው ሲጨርሱ ኪሞኗቸውን አስተካክለው ተነሡ። ትሪዎቻቸው ወደ መኪና እንዲመለሱ አዘዙ። «እሺ አላልኩም» አሉ ለማሳኪቺ። «እንዳይመስልዎ። ልጄን ልስጥ አላልኩም። ግን ዛሬ የሰው ልጅ አስገድጄ አልወስድም።»

ጌንታ ትሪዎቹን ጫነ። ከዚያ መጥቶ ሺኖ ፊት ቆመ። ዓይኑ መሬት ላይ አልነበረም። እዚሁ እቀራለሁ አላት። ተናግሬያለሁ፣ ከእንግዲህ የምመለስበት የለም አለ።

«አትቀርም» አለችው።

ፊቱ ወደቀ።

«ካንዱ ቤት በመስኮት ወጥቶ የኔ ቤት በመስኮት የሚገባ ሰው አልፈልግም። ዛሬ የተናገርከው ለአራት ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ለስንት ሰው ነው የተናገርከው? እዚያው ቁም፤ ያንኑ ድምፅ ማጉያ ያዝ። ከዚያ ና።» ትንፋሿን ሳበች። «ከዚያ በፊት ግን እናትህን ውሰዳቸው። ሺራናሚ አይደለም። ኦቶሳዋ። አሁን፣ ከነልብሳቸው። ልጃቸው ሆነህ አገራቸውን መሰለኝ ስትል አላፈርክም? እኔ አፈርኩልህ።»

«እዚያ ሰው ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም።»

«እሳቸውም አያውቁም። አብራችሁ እዩት።»

ጌንታ እጇን ሊይዝ ፈልጎ ተወው። «ትጠብቂኛለሽ?»

«ተናድጃለሁ» አለችው ሺኖ። «የተናደደ ሰው የትም አይሄድም።»

ያንን ሲሰማ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ወይዘሮ ቶኪኤ መኪናው ውስጥ ገብተው ፊት ለፊት ያዩ ነበር። ሺኖ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ግን ዓይናቸው ቆየባት። የአቶ ኩራሞቶ መኪና ቀድሞ ሄደ። የጌንታ ተከተለ።

ከናጊ የሚወጣው መንገድ ጉብታው አናት ላይ ይከፈላል። ግራው የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሺራናሚ ይሄዳል። ቀኙ ወንዙን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ከቤቱ ደጃፍ ማን ወዴት እንደታጠፈ አይታይም፤ በድምፁ ግን ይታወቃል። አባትና ልጅ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመው አዳመጡ።

የአቶ ኩራሞቶ ሞተር ወደ ግራ ወረደ፤ ከባሕሩ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ጠፋ። የጌንታ ሞተር ግን መገንጠያው ላይ ቆመ። ሳይጠፋ፣ ሳይሄድ፣ እዚያው እየተንተከተከ ቆየ።

ሺኖ እስትንፋሷን ያዘች። የማልቀስ ጊዜ አልፏል፤ የመሳደብም አልፏል። ልቧ ውስጥ አሁንም «ፈሪ» የምትለው ቃል ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ወደ ግራ ከታጠፈ ያቺ ቃል ትወጣለች፣ ሁለተኛም አትመለስም።

«ምን ይጠብቃል ይሄ ልጅ?» አሉ ማሳኪቺ።

«መንገዱን አያውቀውማ» አለች ሺኖ። «እየነገሩት ይሆናል።»

ሞተሩ አጉረመረመ። ማርሽ ሲቀየር ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዳገቱ፣ ወደ ጫካው በኩል እየከበደ ወጣ፤ ወጣ፤ እየራቀ ቀጠነ።

ማሳኪቺ ወደ ቤት ገቡ። ሺኖ ድምፁ እስኪጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ ቆመች። ንዴቷ አልወጣላትም፤ እዚያው ደረቷ ላይ እንደ ትኩስ ድንጋይ ነበር። አሁን ግን አጠገቡ ሌላ ነገር ተቀምጧል፤ ስሙን ልትጠራው አልደፈረችም፤ ብርዱ እጇን እስኪያደነዝዘው ድረስ ብቻ ይዛው ቆመች።